ለጀልባዋ የሚሆን ቱቦ

እኔ ደንጋጣ ሰው ነኝ። እርጅና ያመጣብኝ እንዳይመስላችሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። በር ሲላተም እደነግጣለሁ፣ ሰው ከኋላዬ ሲያስነጥስ እደነግጣለሁ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ዲላ የእጅ ሥራ መምህር ሆኜ ስመደብ፣ ተማሪዎቼ ይህን ጠባዬን ወዲያው ደርሰውበት ፊቴን ባዞርኩ ቁጥር መዶሻ ሲሚንቶው ላይ ይጥሉ ነበር። እኔ እዘላለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ፣ ከዚያ በአርጩሜ እንተሳሰባለን። ያም ሆኖ እንደዚያች ትንሽ ጀልባ ደጋግሞ ክው ያደረገኝ ነገር በዕድሜዬ የለም። ጀልባ ስል የመጫወቻ ጀልባ ማለቴ ነው፤ ከአንድ ክንድ ብዙም የማትበልጥ፣ ሰው ሳይነካት በሬዲዮ የምትታዘዝ።

ተከራይቼ የምኖረው ጡረታ በወጡ አንድ ወታደር ግቢ ውስጥ ነበር። ከተማው ባሻ ይላቸዋል፤ እኔም ባሻ እላቸው ነበር። ከሰሜን በሥራ መጥተው፣ ዲላ ላይ ቤት ሠርተው፣ ከጓሮ ቡናና እንሰት ተክለው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ባለቤታቸውን እማማ ነበር የምላቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ከአጥር አልፎ መንገደኛ የሚያቆም ሴት ናቸው።

አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። ከተማችን ጋራዥ ውስጥ የቡና መኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጥም አድጎ፣ ባሕር ላይ ሞተር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል ሲባል ምጽዋ ወረደና በአንድ የጭነት ጀልባ ላይ መካኒክ ሆኖ ተቀጠረ። እኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ለዕረፍት ሲመጣ ነው። ጥርሱ የማይከደን፣ ጥፍሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ዘይት በሳሙና የማይለቅ ጎልማሳ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መርዶው መጣ። ጀልባው ባሕር መሐል ሳለ ከታች ውኃ ገባበት፤ ሰጠመ። ሬሳ አልተገኘም።

ባሻ እንደ ወጉ ሁሉን አደረጉ። ፎቶግራፉና ኮቱ አልጋ ላይ ተቀመጠ፣ ድንኳን ተጣለ፣ አልቃሽ አለቀሰች። የድሮ የጦር ጓደኞቻቸው ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተኮሱ። ያን ጊዜ እማማ ከቤት ወጡና በዚያ ድምፃቸው፣ «በሕያው ልጄ ላይ ነው የምትተኩሱት? ሂዱ ከዚህ! እንዳታሟርቱብኝ!» አሉ። አልቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ እኔም ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አላለቀሱም፤ ከልም አልለበሱም። ምግብ በቀረበ ቁጥር የልጃቸውን ድርሻ በሳህን አንስተው ይከድኑለታል፤ ሲያድር ለለማኝ ይሰጣል። ባሻ አንድ ቀን አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ «ሬሳውን ያየ አለ? የለም። እንግዲያው ዝም ነው» አሏቸው። የገረመኝ ግን አልሞተም እያሉ ከውኃ ጋር መጣላታቸው ነው። ወደ ገበያ ሲወርዱ ድልድይ ላይ ከደረሱ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጎትተው በሰው ክንድ ይሻገራሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ እሳቸው እባቡን ሳያዩት ነው የበረዩት።

ወራት አልፈው የልጁ ሻንጣ በሰው እጅ መጣ። ልብሱ፣ መፍቻዎቹ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ነገር። ጨርቁን ባሻ ሲፈቱት ጀልባ ወጣች። ከስስ እንጨት እየተለጣጠፈች የተሠራች፣ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ከላይዋ እንደ ሣጥን ክዳን የሚከፈት ነበረች። አብራት አንቴና ያለው በእጅ የሚያዝ ሣጥን፣ አንዲት ትንሽ ሞተር፣ ደግሞ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ተቀባይ አለች። እነዚህን ከአንድ የውጭ አገር መርከበኛ የገዛቸው መሰለኝ፤ ጀልባዋን ግን በገዛ እጁ ነው የሠራት። እጅ ላይ ያለው ሣጥን ሲያዝዝ፣ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ያለችው ተቀባይ ትሰማለች፣ ሞተሯም ትነሳለች። ባሻ ነገሩን ሳስረዳቸው ጀልባዋን አገላብጠው አዩዋትና፣ «ውኃ ላይ ትሂድ። ልጄ የሠራውን ልየው» አሉ።

«እብድ!» አሉ እማማ ከበሩ። «መደርደሪያ ላይ ትቀመጥ! ይቺንም ውኃ እንዲበላብኝ ነው?»

እዚህ ላይ የእኔ መከራ ይጀምራል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሞተሯ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ናት። ውኃውን እየገፋ የሚያስኬዳት ፕሮፔለር ግን ከውጭ፣ ከኋላዋ፣ ከውኃ በታች ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ፤ እሱ እንዲያልፍ የጀልባዋ ሆድ ይበሳል። እንግዲህ ሥራዋ ውኃ አለማስገባት የሆነችውን ጀልባ በገዛ እጃችን ከውኃ በታች እንበሳታለን ማለት ነው። በቀዳዳው ቱቦ ይገባል፤ ዘንጉ በቱቦው ውስጥ ይሽከረከራል። ቱቦው ሲጠብ ዘንጉ ይታነቃል፣ ሲጣመም ይንቀጠቀጣል፣ ሲዝግ ይጣበቃል፣ ሲሰነጠቅ ውኃ ይገባል። ያቺ ተቀባይ ደግሞ አንዴ ውኃ ከነካት አለቀላት፤ ዲላ ውስጥ የሚጠግናት የለም። ልጁ ሁሉን ጨርሶ ቱቦውን ብቻ ነበር ያልገጠመው። ቀዳዳው ተበስቶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ባሻ ለመኑኝ። እማማ ግን ጣታቸውን ደረቴ ላይ ተክለው፣ «አንተ መምህሩ፣ ስማኝ። አንድ ጠብታ ውኃ ሆዷ ውስጥ ካየሁ ጓዝህን ጠቅልለህ ውጣልኝ። እንደ ልጅ አይቼህ ነበር፤ እርግማኔ ይከተልሃል» አሉኝ። ለዚህች መጫወቻ እንዲህ ያለ ቃል ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ልቤ ስንጥቅ አለ። እሺም እንቢም ሳልል ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ በማግስቱ ግን ዕቃ አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ከትምህርት ቤት ተውሼ መጣሁ።

መጀመሪያ ቀርከሃ ሞከርን። ይህ የባሻ ሐሳብ ነው። «እግዜር ራሱ ቱቦ አድርጎ የፈጠረው ነገር እያለ ብረት ለምን ትፈልጋለህ?» ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ደጋው ቡሌ ድረስ ወጥተው፣ ብርዱ ሲያንዘፈዝፋቸው ውሎ፣ ቀጭን የቀርከሃ ጫፍ በነጠላቸው ጠቅልለው ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር ቀርከሃው ያምራል። ቀጥ ያለ፣ ቀላል፣ ለመጋዝ የማያስቸግር ነው። ገጥመነው ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ ስናንሳፍፋት ዘንጉ በጸጥታ ተሽከረከረ። ባሻ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ሳፋው ውስጥ አሳድረናት ጠዋት ሞተሩን በባትሪ ስንነካው አቃሰተ። ቀርከሃው ውኃ ጠጥቶ ከውስጥ አብጦ ዘንጉን ጨምድዶ ይዞታል። የሞተሩ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ነው ዘልዬ ያጠፋሁት። አውጥተን ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ደግሞ ሲደርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። ተመስገን ነው፤ ተቀባይዋን ገና አልገጠምናትም ነበር። እማማ አልፈው ሲሄዱ ሆዷ ውስጥ የቀረውን ጭላጭ ውኃ አይተው ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎ ብረት ነው። የአሮጌ ጃንጥላ ዘንግ ውስጡ ባዶ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አንዱን ቆርጬ ገጠምኩት፤ ልኩ ግጥም አለ። እንደ ቀርከሃው እንዳያዋርደኝ ብዬ ውኃ ውስጥ ጥቂት ቀን አቆየሁት። ዘንጉን ሳዞረው ከቱቦው አፍ ቀይ ዝገት ተንጠፈጠፈና ሳፋው ውስጥ ተበተነ። ባሻ አጠገቤ ነበሩ። ፊታቸው ልውጥ አለ፤ «አውጣው፣ አውጣው፣ ደም መሰለ» ብለው ጥለውኝ ገቡ። አወጣሁት።

ከዚያ መዳብ መጣ። ልጁ ያደገበት ጋራዥ ሄጄ የመኪና ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀጭን የመዳብ ቱቦ ለመንኩ። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው የጋራዡ ሰዎች ሥራቸውን አቁመው ከመጋዘን ደህናውን መርጠው ሰጡኝ። መዳብ አይዝግም፣ አያብጥም። ጥፋቱ ለስላሳነቱ ነው፤ የተጠመጠመውን ሳቃና ትንሽ ትንሽ ጉብታ ቀረበት። ዘንጉ ሲሮጥ በየጉብታው እየተጋጨ ይንኳኳል። እኔ፣ ውስጡን ግራሶ ከሞላነው ይለዝባል፣ ውኃም አያሳልፍም አልኩ። ባሻ ግን ግራሶ ስል ፊታቸውን አጨማደዱ።

«የልጄን ጀልባ በዚያ ግማት አትቀባትም» አሉ። «እኛ ዱር ለዱር ስንል ጠመንጃችንን በምን ስንወለውል የኖርን ይመስልሃል? በቅቤ ነው!»

ከእማማ ማሰሮ ንጥር ቅቤ ተሰርቆ መጣ። ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው ሁሉ ያለበት፣ ለዶሮ ወጥ የተቀመጠ ቅቤ ነው። እኔም የተማርኩ ነኝ ባይ፣ ሽታው ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ቱቦውን ሞላነው፣ ዙሪያውንም ለብጠን ዕቃ ቤት አሳደርናት።

ጠዋት በሩን ስከፍት አይጥ በእግሬ መሐል ሾልኮ አመለጠ። ጮኽኩ፤ ያ ጩኸት ለአይጡ ነበር። ጀልባዋን ሳያት ግን ድምፅም አልወጣኝም። አይጡ ቅቤውን ልሶ አልበቃ ብሎት፣ ቅቤ የጠጣውን እንጨት በቱቦው ዙሪያ ቆረጣጥሞታል። የጣት ጫፍ የማያስገባው ቀዳዳ አሁን አውራ ጣት ያስገባል። መዳቡ እላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። የሞተው ልጅ እጅ የሠራውን እንጨት በቅቤ ቀብቼ ለአይጥ ሰጠሁት ማለት ነው።

እማማ ጩኸቴን ሰምተው መጡ። የቅቤውን ሽታ አሸተቱ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ እኔንና ባሻን አዩን። ጓዜን በሐሳቤ መጠቅለል ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ። አዎ፣ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ። «የአባቱ ልጅ! እሱም እንዲሁ ነው፤ ቅቤዬን እየሰረቀ የብስክሌቱን ሰንሰለት ይቀባል» አሉና ዓይናቸውን ጠራርገው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ባሻና እኔ ተያየን። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ በዚያ ግቢ ሳቅ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር።

ቀዳዳው ስለሰፋ ሰፊ ቱቦ ያስፈልጋል። የማይዝግ፣ የማያብጥ፣ የማይጎብጥ። ለባሻ ነገሩን አሳጥሬ፣ «ናስ ነው የሚያዋጣን፤ ሌላ ነገር ልብ ማድረቅ ነው። ዲላ ላይ ደግሞ የናስ ቱቦ የለም» አልኳቸው። በገበያው ዞሬ ያየሁት ናስ የፋኖስ ዕቃና የቤተ ክርስቲያን መስቀል ብቻ ነበር፤ አንዱ አጭር ነው፣ ሌላው አይነካም። ባሻ ጥቂት አሰቡና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ የተቋጠረ መሐረብ ይዘዋል። እማማ ገበያ መሄዳቸውን በአጥሩ አጮልቀው አረጋገጡና ቋጠሮውን ሞርሳው አጠገብ ፈቱት። የተተኮሰ ጥይት ቀለሃዎች ተንኳኩተው ተዘረገፉ።

«የምን ቀለሃ ነው?» አልኩ።

«የልጄ ነዋ።»

አልገባኝም መሰላቸው። «ለቅሶው ላይ የተተኮሰው» አሉ። «ሰው ሁሉ ሲላቀስ መሬት ወድቄ አልነበር? ኀዘን የጣለኝ መስሏችሁ አነሳችሁኝ። ይሄን ስለቅም ነው። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ከዚያ ቀን ምን ልያዝ?»

ክው አልኩ። ያን ቀን ብብታቸውን ይዘው ካነሷቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። መዳፋቸው የተጨበጠው በኀዘን መስሎኝ ነበር። እጄን ወደ ቀለሃዎቹ ለመስደድ ፈራሁ፤ ግን አንዱን ሳነሳው ከባድ፣ ንጹሕ፣ ወርቅ የመሰለ ናስ ነው። ሙያ ክፉ ነገር ነው፤ እጄ ከልቤ ቀድሞ ወደደው።

«እማማ ቢያውቁስ? በሕያው ልጄ ላይ ብለው የጮኹበት ጥይት እኮ ነው!»

«አንተ ካልነገርካት ማን ይነግራታል?» አሉ ባሻ።

ሠራሁት። የቀለሃ አፍ ጠባብ ነው፣ ወገቡ ሰፊ። የእያንዳንዱን ቂጥ በመጋዝ ቆርጬ የአንዱን አፍ በሌላው ወገብ ውስጥ እያስገባሁ ደረደርኳቸው። እንዳይጣመሙ ቀጥ ያለ ብረት በሁሉም ውስጥ አሳለፍኩና ዙሪያቸውን በእርሳስ በየድኳቸው። በሁለቱ ጫፍ ዘንጉ የሚያርፍበት ቀለበት ከወይራ እንጨት ጠርቤ፣ በዘይት ቀቅዬ ወተፍኩ። መሐሉን ግራሶ ሞላሁት፤ በዚህ ላይ ከባሻ ጋር ክርክር አልነበረም። አይጡ የበላውን ክፍተት ከእንሰት በሚወጣው ቃጫ ጠቅጥቄ በሰም አተምኩት። ባሻ አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቀለሃ በጨርቅ ወልውለው ያቀብሉኝ ነበር።

ሳፋው ውስጥ አስቀመጥናት። ደረቅ ናት። አሳደርናት፤ ደረቅ ናት። ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አስሮጥነው፤ ዘንጉ ድምፁ እንኳን አይሰማም፤ ሆዷ ደረቅ ነው። እማማ ሲመለከቱን ቆዩና፣ «ይሄኛውስ ከምን ነው?» አሉኝ። «ናስ ነው እማማ» አልኩ። እውነት ነው፤ ናስ ነው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «እንግዲያው እኔም እመጣለሁ» አሉ። ድልድይ በዓይናቸው ማየት የማይችሉት ሴት!

የለገዳራ ወንዝ ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም፤ ይዟት ይሄዳል። ባሻ ወደ ወርቃ በኩል ካለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አጠገብ የተገደበ ኩሬ ያውቁ ነበር። ቡናው ታጥቦ ስላለቀ ውኃው የጠራ ነው። ለጣቢያው ዘበኛ አስቀድመው፣ ልጄን ውኃ ወስዶብኛል፣ የልጄን ጀልባ ይዤ እመጣለሁ ብለው ላኩበት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ የቡና መኪና ጋቢና ተጠጋግተን ሄድን። ጀልባዋን እማማ ታቅፈዋታል። መንገዱ ሲያንገጫግጨን በነጠላቸው ይደግፏት ነበር።

ስንደርስ የኩሬው ዙሪያ በሰው ተሞልቷል። ደሜ ፈላ። ወሬ ሲሮጥ እኮ መኪና አይቀድመውም! ሰው ሳይነካት የምትሄድ ጀልባ አለች ተብሎ ትርኢት ሊያዩ ተሰብስበዋል አልኩ በልቤ። እነዚህ ምስኪን ሽማግሌዎች ለከተማ ወሬኛ መጫወቻ ሊሆኑ ነው ብዬ፣ ለመቆጣት አፌን ከፍቼ ከመኪናው ወረድኩ። ከዚያ አየኋቸው። ወንዶቹ ዱላቸውን ሳር ላይ አጋድመው መሬት ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ወገባቸውን በነጠላ አስረዋል። ሕፃን እንኳን አይሮጥም። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ባሻ መጡ። በአካባቢው በጌዴኦ ሰው አማርኛ፣ እየሰባበሩ፣

«ባሻ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉ። «ልጅ ውኃ ወሰደችው አሉን። ሬሳ ጠፋች አሉን። ዛሬ ዕቃው መጣች አሉን። እንግዲህ ቀብር ነው አልን እኛ። ለቅሶ ነው የመጣን።»

የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁ። የባሻን መልእክት እነዚህ ሰዎች እንዲህ ነው የተረዱት፤ ውኃ የወሰደው ሰው ዕቃው ወደ ውኃ ሲመጣ መቅበር ነው፣ ሲቀበር ደግሞ ጎረቤት ብቻውን አይተወውም። ትርኢት ልናይ የመጣነው እኛ ነን እንጂ እነሱ አልነበሩም። አሁን እማማ ያንን ድምፃቸውን ያወጡታል፣ በሕያው ልጄ ይላሉ ብዬ ዞሬ አየኋቸው። ሴቶቹ ጠጋ ብለው መሐላቸው ቦታ ለቀቁላቸው። እማማ ጀልባዋን ለባሻ ሰጡና ሄደው ተቀመጡ።

ተቀባይዋን ገጠምኩ፣ የባትሪ ድንጋዮቹን አየሁ፣ ክዳኑን ዘጋሁ። ባሻ ጀልባዋን ውኃው ላይ አኖሯት፤ ከዚያ ሣጥኑን ይዘው ቆሙ። ጀልባዋ ትንሽ አመነታችና ሄደች። ከኋላዋ ቀጭን መስመር ውኃው ላይ ቀረ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልጮኸም። የሰዉ ሁሉ ዓይን አብሯት ይሄዳል፤ የሞተሯ ድምፅ እንደ ንብ ከሩቅ ይሰማል።

ወዲያ ማዶ ደርሳ ልትዞር ስትል ቆመች። ሞተሯ ይሰማል፣ እሷ አትንቀሳቀስም፤ ኋላዋም ዝቅ ያለ መሰለኝ። ባሻ ሣጥኑን ይጫኑታል፣ ይለቁታል። ሳላስተውል እማማ አጠገቤ መጥተው ኖሮ ክንዴን ጨመደዱኝ። ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ ገባ።

«ገባባት?»

«አልገባባትም፣ ሳር ይዟት ነው» አልኩ። እርግጠኛ አልነበርኩም። ቀለሃዎቹን አንድ በአንድ አሰብኳቸው፤ የትኛው ብየዳ ለቀቀ እያልኩ። እግዚኦ እያልኩም ነበር።

ጀልባዋ ተወዛወዘች፣ ቄጤማውን አላቃ አፍንጫዋን ወደ እኛ መለሰች። ቀጥ ብላ መጣች። ባሻ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ ሣጥኑን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ነበር የሚነዷት። ዳር ስትደርስ ያነሳኋት እኔ አይደለሁም። እማማ፣ እኒያ ከውኃ ሲሸሹ የኖሩት ሴት፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ኩሬው ውስጥ ገብተው አነሷት።

ሳሩ ላይ ቁጭ ብለው ክዳኗን ከፈቱ። እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁና ሆዷ ውስጥ ከተቱ። ጥግ ጥጉን ዳበሱ፣ ቱቦው ሥር ጣታቸውን አዞሩ። አውጥተው መዳፋቸውን ለብርሃን ዘርግተው አዩት።

«ደረቅ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ባሻ ቀና ብለው፣ «ቱቦውን ከምን ሠራችሁት?» አሉ።

ናስ ነው ልል ነበር። ባሻ ቀደሙኝ።

«ከቀለሃው ነው» አሉ። «ከዚያ ቀን ቀለሃ።»

ጨዋታው እዚህ ላይ አለቀ፣ ጓዜን ልጠቅልል ነው አልኩ። እማማ ቱቦውን እንደገና በጣታቸው ነኩት፤ ቀለሃው ከቀለሃው የተጋጠመበትን አንድ በአንድ።

«ልጄ የሞተ ዕለት የተተኮሰው?» አሉ።

«አዎ።»

እማማ አልጮኹም። እኔን ነው ያዩት። መምህሩን፣ ሞርሳና ሞረድ ያለውን፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀውን።

«እንዲህ ውኃ የማያስገባ መሥራት ከተቻለ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የእሱን ለምን አልሠሩለትም?»

ያን ጊዜ ነው የጮኹት። ያን ሁሉ ወር የታፈነው ወጣ። ሴቶቹ ተነስተው ከበቧቸው፣ የጌዴኦዎቹ ዜማ ተነሳ፣ ወንዶቹም አብረው አነሱት። ባሻ ጀልባዋን እንዳትረገጥ አንስተው በኮታቸው ሸፈኗት። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የባሕር ጀልባ ቱቦ ከምን እንደሚሠራ፣ የማን እጅ እንደሚሠራው፣ ማን እንደሚመረምረው የማውቅ ይመስል መልስ ልሰጣቸው አፌን ከፍቼ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ላይ እማማ ከል ለብሰው አየኋቸው። ባሻና እኔ ገበታው ላይ ቀርበናል። እማማ እንደ ሁልጊዜው የልጃቸውን ድርሻ በሳህን አነሱ። ተያየን ከባሻ ጋር፤ ከትናንቱ ሁሉ በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ በኋላ አሁንም? መክደኛውን አነሱት፣ ግን አልከደኑትም። መጥተው ፊት ለፊቴ አስቀመጡት።

«ብላ» አሉኝ። «ይቀዘቅዛል።»

ደነገጥኩ። ግን በላሁ።